ጥርስ የተሰራለት ሽጉጥ

ጀማል እባላለሁ። ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ከተማ ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች ወሬዬን ለአራት አካፍለው ነው የሚሰሙት። ‹‹ትናንት እስከ ጉልበቴ በረዶ ጣለ›› ካልኩ ‹‹ጤዛ አይቷል ማለት ነው›› ይባባላሉ። አልቀየማቸውም። ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ጠባዬን ቀይሬ ማንን ላስደስት?

ይህን ገጠመኝ ለመጻፍ ስቀመጥ ግን ከራሴ ጋር ተዋዋልኩ። ስለ ብርዱ፣ ስለ ነፋሱና ስለ ራሴ ጀግንነት እንደ ልማዴ አጋንናለሁ፤ እዚያ ላይ የሚከለክለኝ የለም። ስለ ባለቤቴ ስለ ሀያት እጆች ግን ካየሁት ላይ አንዲት ቃል አልጨምርም። እንዲያውም ያየሁትን የሚበቃ ቃል ማግኘቴን እጠራጠራለሁ።

ሀያት ሎውሪ አካባቢ በሚገኝ የጥርስ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሰራለች። የጥርስ ሐኪም አይደለችም፤ ሐኪሙ ሰው አፍ ውስጥ የሚገጥመውን ጥርስ የምትሰራው እሷ ናት። ዴንቨር ውስጥ በባለቤቴ ጥርስ ሥጋ የሚግጠውን ሰው ብዛት አላህ ነው የሚያውቀው። እኔ ደግሞ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ኤርፖርት ሰው የማመላልስ የሻትል ሾፌር ነኝ። እሷ የሰው አፍ ትሞላለች፤ እኔ የሰው ጆሮ እሞላለሁ። ቤታችን ስንገባም እንዲሁ ነበር። እኔ አወራለሁ፣ እሷ ሳህን እያጠበች ‹‹እህ›› ትላለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ለሴቶች የተዘጋጀ የሽጉጥ ስልጠና ላይ ይዛት ሄደች። እኔ አንድ ቀን ተኩሳ፣ ፈርታ፣ ‹‹ወላሂ ሁለተኛ አልሄድም›› ብላ የምትመለስ መስሎኝ ነበር። ማታ ስትገባ ‹‹እንዴት ነበር?›› አልኳት።

‹‹ጸጥ ይላል›› አለችኝ።

‹‹ሽጉጥ ነው ጸጥ የሚለው?››

‹‹ውስጤ።››

ይህን ‹‹ውስጤ›› ያለችውን ያኔ አልሰማሁትም። እኔ ለወር የሚበቃ ቀልድ ነበር ያገኘሁት። ‹‹ከእንግዲህ ወጡ ጨው በዝቶበታል የማለት መብቴ ተገፈፈ›› እያልኩ አንድ ኤርፖርት ሙሉ ሾፌር ሳስቅ እሷ በየሳምንቱ መጨረሻ ልምምድ ትሄድ ነበር። ውድድሩ ቆሞ ዒላማ መምታት እንዳይመስላችሁ። እየሮጡ፣ በግድግዳ ስር እየተሽሎከለኩ፣ ወረቀቱንም ብረቱንም እየመቱ፣ ጥይት ሲያልቅ እየቀየሩ ከሰዓት ጋር መታገል ነው።

ነገሩ የተፈጸመበት ማርች ላይ ክለቡ ወደ ትልቁ የክልል ውድድር ሰዎች ሊልክ ነበር። ለሴት የተያዘው ቦታ አንድ ብቻ ነው። ለዚያ ቦታ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንዷ ሀያት፣ ሌላዋ ኬሊ የምትባል የቶርንተን ሴት። ቅዳሜ ዕለት የተሻለ የተኮሰች ትሄዳለች።

ለሀያት ይሄ ‹‹ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ›› የሚባል ነገር አልነበረም። የቀኝ አውራ ጣቷ መጋጠሚያ ተበልቷል። ያን ሁሉ ዓመት ጥርስ ስትሞርድ ኖራ ጣቷ ራሱ ተሞረደ። ሐኪሙ በጋ ላይ ኦፕራሲዮን ቀጥሮላታል። አብሬያት ገብቼ ስለነበር ሰምቻለሁ።

‹‹ከዚያ በኋላ ጥርስ መስራት እችላለሁ?›› አለችው።

‹‹ትችያለሽ።››

‹‹ሽጉጥ መተኮስስ?››

ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀና ‹‹እሱን ቃል አልገባልሽም›› አላት። መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን ስታስር ‹‹አንዴ፣ አንዴ ብቻ ትልቁ ውድድር ላይ መቆም እፈልጋለሁ›› አለች። እኔ ምን ቀልድ እንደቀለድኩ አሁን አላስታውስም። ቀልጄ ግን ነበር።

ታዲያ ሽጉጧ አመል ነበረበት። ይነክሳል። የጦር መሣሪያ የማታውቁ ካላችሁ፣ ሽጉጥ ነከሰ ማለት ጥይቱ ወደ በርሜሉ ሲገባ ተንጋዶ መሀል ላይ ተቀረቀረ ማለት ነው። ጥይቱ የሚደረደርበትን፣ እኔና እሷ ማጋዚን የምንለውን የብረት ሳጥን አስቡት። የእሷ ማጋዚኖች የተሰሩት ረዘም ላለ ጥይት ነው፤ እሷ የምትተኩሰው አጠር ያለ ነው። አጭር ሰው ረጅም አልጋ ላይ ተኝቶ ወደ ታች እንደሚንሸራተት ጥይቱም ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ አፍንጫው ይደፋል፤ ሽጉጡ ይነክሳል። መድኃኒቱ ከማጋዚኑ የኋላ ግድግዳ ጋር ስፔሰር የሚሉትን ቀጭን ፕላስቲክ ማስገባት ነው። እሱ ጥይቱን ወደፊት ገፍቶ ቀጥ ያደርገዋል። ስፔሰሩ ራሱ ከላላ ግን ጭራሽ ባይኖር ይሻላል። ሀያት ሁለት ውድድር የተሸነፈችው በላላ ስፔሰር ነው። ሁለቱንም ጊዜ እየመራች ነበር።

ስለዚህ ጋሽ ተፈራ ዘንድ ሄድን። ጋሽ ተፈራ ሌክውድ የሚኖሩ፣ ድሮ በጦር ሠራዊት ውስጥ መሣሪያ ጠጋኝ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ጴንጤ ናቸው፤ እኛ ሙስሊሞች ነን። ረመዳን ሲገባ ከእኛ ቀድመው ጨረቃ የሚፈልጉልን እሳቸው ናቸው ብል ብዙም አላጋነንኩም። አሮጌዎቹን ስፔሰሮች አውጥተው፣ አዲስ ቆርጠው፣ ልክ እስኪመጡ ሞርደው በሁለት ዓይነት ድብልቅ ሙጫ አጣበቋቸው። ሐሙስ ማታ ልወስድ ሄድኩ። እኔ ሳሎን ገብቼ ለባለቤታቸው ስለ አንድ ተሳፋሪ ሳወራ እሳቸው ማጋዚኖቹን በጫማ ካርቶን አድርገው የመኪናዬ ትራንክ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አስቀመጡ። ሙጫው ገና እንዳልደረቀ እኔ አላወቅሁም፤ አልጠየቅሁምም፤ ወሬ ላይ ነበርኩ።

አውሮራ ልደርስ ስል ስልኬ ጮኸ።

‹‹ጀማል፣ ካርታዎቹ መኪና ውስጥ ናቸው አይደል?››

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መኪናዬ ውስጥ ሁልጊዜ ካርታ አለ። እኛ ሾፌሮች ኤርፖርት አጠገብ ተራ ስንጠብቅ እንጫወታለን። ጋሽ ተፈራ ጨዋታውን እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ ግን ማን ነገራቸው?

‹‹አዎ... ናቸው፣ ጋሽ ተፈራ።››

‹‹ዛሬ ማታ ከባድ ብርድ ነው የሚሉት። መኪና ውስጥ እንዳታሳድራቸው። ቤት አስገባቸው፤ ሞቅ ያለ ቦታ።››

‹‹ካርታዎቹን?››

‹‹ካርታዎቹን! ጎን ለጎን አስተኛቸው፤ እንዳትደራርባቸው። እስከ ቅዳሜ ደግሞ እጅህ እንዳይነካቸው።››

‹‹ይቀልዳሉ እንዴ?››

‹‹በዚህ ቀልድ የለም፣ አንተ ልጅ! የሀያት ነገር በእነሱ ላይ ነው ያለው። ጌታ ይባርክህ።›› ዘጉት።

ገባኝ ብዬ አሰብኩ። ሰውየው ጨዋታውን እንድተው በብልሃት እየመከሩኝ ነው፤ ትዳሬንም ጨምረው እያስጠነቀቁኝ። ሽማግሌ አክባሪ ነኝ። ቤት ገብቼ ሂተሩ አጠገብ ፎጣ አነጠፍኩና ሃምሳ ሁለቱንም ካርታ ጎን ለጎን አስተኛኋቸው። ጆከሮቹን ለብቻቸው አደረግኳቸው፤ የታመሙ ይመስሉ ነበር።

ሀያት ከሥራ ደክማ ገባች። ፎጣውን አየች። እኔን አየች።

‹‹ምንድነው ይሄ?››

‹‹ጋሽ ተፈራ ናቸው ያዘዙኝ።››

‹‹ምን ሆነዋል?››

‹‹እርጅና ይመስለኛል።››

ለመጠየቅ አቅም አልነበራትም። ወደ መኝታ ቤት ስትሄድ ብቻ ዞር ብላ ‹‹ማጋዚኖቹን ጨረሱልኝ?›› አለች።

‹‹ጨርሰዋል።››

‹‹አደራ፣ ያሉህን ሁሉ አድርግ።››

‹‹አንዲት አላስቀረሁም›› አልኳት፤ በኩራት።

በዚያ ሌሊትና በማግሥቱ አውሮራ ላይ የወረደውን ብርድ ልነግራችሁ እፈልጋለሁ። ከቤት ስወጣ ጥላዬ አልከተልም ብሎ በር ላይ የቀረበት ብርድ ነው። ካርቶኑ ያን ሁሉ ሰዓት ትራንክ ውስጥ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ከአውሮራ ወደ ምሥራቅ፣ ቤትም ዛፍም ወደሌለበት ሜዳ ነዳን። ጋሽ ተፈራም በራሳቸው መኪና መጥተዋል። የተኩስ ሜዳው ነፋስ የላም ቀንድ ይነቅላል። ፓርክ አደረግኩና ትራንኩን ከፈትኩ። ሀያት ካርቶኑን አወጣች። አንዱን ማጋዚን አንስታ ጋሽ ተፈራ የጠመጠሙበትን ፕላስተር ላጠች፤ ስፔሰሩን በጣቷ ጫፍ ጫን አደረገችው።

ስፔሰሩ ተንሸራቶ ወጣ። ሙጫው ከኋላው እንደ ማር ተሳበ።

ሁለተኛውን ሞከረች። ሦስተኛውን። ሁሉም ያው።

ጋሽ ተፈራ መነጽራቸውን አደረጉና ተጠጉ። ‹‹ጀማል፣ ካርታዎቹን የት ነው ያሳደርካቸው?››

‹‹ሂተር አጠገብ!››

‹‹ታዲያ ይሄ ሙጫ ለምን አልደረቀም?››

‹‹ሙጫና ካርታ ምን አገናኛቸው?››

ጋሽ ተፈራ ማጋዚኑን አፍንጫዬ ሥር አቀረቡት። ‹‹ይሄ ምንድነው?››

‹‹ማጋዚን።››

‹‹ካርታ ነው! እኛ ወታደሮች ዕድሜ ልካችንን ካርታ ነው ያልነው!››

‹‹ጋሽ ተፈራ፣ ካርታማ እቤት ፎጣ ላይ ተኝቷል!››

ሀያት ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ‹‹ያ... ፎጣ ላይ የነበረው...›› አለችና ሳቋ መጣ። ከልቧ ነበር የሳቀችው፤ እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። የቀኝ አውራ ጣቷን በግራ እጇ ያዘችና ወደ ሜዳው አየች። ዓይኗ ሞላ።

በሕይወቴ ስንት ሰው አስቄአለሁ። ያንን የእሷን ሳቅ ግን መልሼ ብውጠው ብዬ ተመኘሁ።

‹‹ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው›› አሉ ጋሽ ተፈራ። ‹‹ሙጫው አልደረቀም ማለት ነበረብኝ።››

‹‹የማንም ጥፋት አይደለም፣ ጋሼ። ይሄ ሙጫ አሁን ቢሞቅ በስንት ሰዓት ይደርቃል?››

‹‹ለማታ።››

የእሷ ተራ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም ነበር። ከሌላ ሰው እንዳትዋስ ያ ዓይነት ሽጉጥ የያዘ ሰው እዚያ አልነበረም። በዚህ መሀል ኬሊ፣ የቶርንተኗ፣ የምንጨቃጨቀውን ሰምታ መጣች። በአማርኛ መጨቃጨቃችን ምንም አልከለከላትም፤ የሙጫውን ክር አይታ ሁሉም ገብቷታል። ለሀያት እንዲህ አለቻት፤ ‹‹አብረን ከምንተኩሰው ምድብ የመጨረሻዋ ተኳሽ አንቺ ሁኚ። እኔ የአንቺን ተራ እወስዳለሁ። ሌሎቹንም አስፈቅዳለሁ።›› ጠዋት የሚተኩስ ሰው ነፋሱ ፊቱን ይመታዋል፤ ቆይቶ የሚተኩስ ይሻለዋል። ኬሊ ይህን ታውቃለች። ‹‹ማጋዚን እንዳያሸንፍሽ፤ እኔ ነኝ የማሸንፍሽ›› ብላ ሄደች።

ሀያት ግን የሥራ ቦርሳዋን ለማምጣት ወደ መኪናው የፊት በር ሄዳ ነበር።

ያ ቦርሳ የትም አይለያትም። በሳምንት መጨረሻ የመስጊድ አባቶችና የጋሽ ተፈራ ቸርች እናቶች ‹‹ጥርሴ ወለቀ›› ብለው ይደውሉላታል፤ ቤታቸው ሄዳ ትጠግናለች። ውስጡ የጥርስ ቀለም ያለው፣ እንደ ቅባት የሚወጣ ማጣበቂያ አለ። ሰማያዊ መብራት ካልበራበት አይደርቅም፤ ከበራበት ግን ወዲያው ድንጋይ ይሆናል። እንደ ብዕር የምትያዝ ያቺ መብራትም አለች።

ጋሽ ተፈራ ራሳቸውን ነቀነቁ። ‹‹ልጄ፣ መብራት ብረት ውስጥ አይገባም እኮ። ማጋዚኑ ብረት ነው።››

ሀያት ማጋዚኑን ወደ ሰማይ አንስታ አየችው። ከኋላ በኩል ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ስንት ጥይት እንደቀረ ማያ ናቸው። የጠዋቱ ፀሐይ በእነሱ አልፎ ጉንጯ ላይ ነጠብጣብ ብርሃን ጣለ።

‹‹በዚህ ይገባል›› አለች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው በጥንቃቄ የምነግራችሁ።

የመኪናዬን ትራንክ ጠረጴዛ አደረገችው። ሽጉጧ ከነመያዣው እንደተዘጋ ቀረ፤ ያለ ዳኛ ፈቃድ እዚያ ሽጉጥ መንካት ያስባርራል። ያልደረቀውን ሙጫ በአልኮል ጠረገች፤ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ጨርቁን እየቀየረች። የማጋዚኑን ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገችው። ስፔሰሩ ላይ፣ ልክ ቀዳዳዎቹ በሚያርፉበት ቦታ፣ በመውጊያ ትናንሽ ጉድጓዶች ቆፈረች። ጉድጓዶቹ አፋቸው ጠበብ፣ ሆዳቸው ሰፋ ያለ ነበሩ። ይህን በዓይን ማየት አይቻልም፤ ጣቷ ነው የሚያየው። ማጣበቂያው በቀዳዳው ገብቶ ጉድጓዱን ሞልቶ ሲደርቅ ችንካር ይሆናል፤ ሆዱ ሰፊ ስለሆነ ተመልሶ አይወጣም።

‹‹ሰው ሠራሽ ጥርስን የፕላስቲክ ድድ ላይ እንዲህ ነው የምናስረው›› አለች፤ ለማንም ሳይሆን።

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ‹‹ብረቱ ቀዝቅዟል፤ እንዲህ አይዝም። ጀማል፣ ጃኬትህን ክፈት።››

‹‹ለምን?››

‹‹በብብትህ አሙቃቸው።››

ወገኖቼ! ሌሊቱን በረዶ ላይ ያደረ ብረት ብብታችሁ ውስጥ ገብቶ ያውቃል? ጩኸቴ ካንሳስ ድረስ ሄዶ ከብት አስበረገገ። ጋሽ ተፈራ ‹‹ያሙቅህ፣ ካርታ ማለት ይሄ ነው›› አሉኝ። ተቀያይመን እንዳልቀረን ያወቅሁት በዚህ ነው።

የሞቀውን አንድ በአንድ ከብብቴ እየተቀበለች ትሰራ ጀመር። ስፔሰሩን ታስገባለች። ባሩድ የሌላት የመለኪያ ጥይት ታስገባና በጣቷ ጫን ታደርጋለች። ታወጣለች። አንዴ ፋቅ ታደርጋለች፤ ለእኔ ሞርዱ የነካው እንኳን አይመስለኝም። እንደገና ታስገባለች። ጥይቷ አሁን ሳትንገዳገድ፣ ሳትጣበቅም፣ እንደ ውኃ ላይ እቃ ከፍ ዝቅ ትላለች። ቀኝ አውራ ጣቷ ሲያማት ሥራውን ሳታቋርጥ ወደ ግራ እጇ ታዛውረዋለች። ግራ እጇም ያውቀዋል።

‹‹መብራቱን ያዝ›› አለችኝ። ‹‹ወደ ብርሃኑ አትይ። እዚህ። አትንቀጥቀጥ።››

ያዝኩ። አልተንቀጠቀጥኩም፤ ትንፋሼንም ያዝኩ። ከቱቦው የወጣችውን የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ማጣበቂያ በቀዳዳው አስገባች። ሰማያዊው ብርሃን በጣቶቿ መካከል አለፈ፤ ጣቶቿ በብርሃን ተሞልተው አጥንታቸው የሚታይ መሰለኝ። ያ ሁሉ ነፋስ ከመኪናው ውጭ እየጮኸ ነው፤ ከትራንኩ ክዳን ሥር ግን ሌላ አገር ነው። ‹‹ጸጥ ይላል›› ያለችኝ ያ ነገር ይሄ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ከሽጉጡ የሚመጣ አይደለም። ራሷ ናት ይዛው የምትዞረው፤ እኔ ሳወራ ሳላየው ኖሬያለሁ።

ልቀልድ አፌን ከፈትኩ። መልሼ ገጥሜ መብራቱን አስተካከልኩ። ጋሽ ተፈራን አየኋቸው፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል።

የመጀመሪያውን ማጋዚን ጨርሳ ሰጠችኝ። ከኋላው ቀዳዳዎቹ ውስጥ ነጫጭ ነገሮች ተደርድረዋል፤ ልክ እንደ ሕፃን ጥርስ። የሚነክስ ሽጉጥ ጥርስ ተሰራለት።

ስሟ ሲጠራ ስድስቱንም ማጋዚኖች አልጨረሰችም። አራት ብቻ ደርሰው ነበር። ሁለቱን ካርቶኑ ውስጥ ጥላ፣ አራቱን ቀበቶዋ ላይ ሰክታ ሄደች። ለእያንዳንዱ ዙር የሚበቃ ጥይት እንዲኖራት መሬት የወደቀውን ማጋዚን እያነሱ፣ እየጠረጉ፣ እንደገና መሙላት ግድ ሆነ። ሲወድቅ ደግሞ ጠጠር ላይ ነው የሚወድቀው። የላላ ስፔሰር የሚነቀለው እዚያ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ዙር ተኮሰች። ሽጉጡ አልነከሰም። ሁለተኛውን፣ አልነከሰም። እኔ ተመልካቾች ከሚቆሙበት ገመድ ኋላ ሆኜ የምቆጥረው ዒላማዋን አልነበረም፤ የሚወድቁትን ማጋዚኖች ነበር። አንዱ ጠጠሩ ላይ ይወድቃል። ዙሩ አልቆ ዳኛው ሲፈቅድ ሮጬ አነሳዋለሁ፤ በጃኬቴ እጠርገዋለሁ፤ ጥርሶቹን አያለሁ። አሉ። ለጋሽ ተፈራ አሳያለሁ፤ እሳቸው በጥፍራቸው ነክተው ‹‹ጌታ ይመስገን›› ይላሉ። እኔ ‹‹አልሐምዱሊላህ›› እላለሁ። ማጋዚኑ በሁለት ሃይማኖት ተመርቆ ይመለሳል።

እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ ኬሊ በትንሹ ትመራ ነበር። ሀያት ከመጨረሻው ዙር በፊት ማጋዚኖቿን ስትቀበለኝ አንዱ አፉ ላይ ተጎድቶ ነበር። ድንጋይ መቶት ብረቱ በጥቂቱ ታጥፏል። ሦስት ብቻ ቀሩ። ያ ዙር ደግሞ ሦስቱንም ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ከነከሰ አለቀ።

‹‹ጣትሽስ?›› አልኳት።

‹‹አለ›› አለች። ፊቷ ገርጥቶ ነበር።

ሰዓት መቁጠሪያው ጮኸ። ሀያት ሮጠች። የመጀመሪያውን ግድግዳ አለፈች፤ ወረቀቶቹ ተመቱ፤ ማጋዚን ወደቀ፤ አዲሱ ገባ። ሁለተኛው ግድግዳ። ብረቱ ‹‹ቲንን›› አለ። እንደገና ማጋዚን ወደቀ። ሦስተኛውን ስታስገባ ቀኝ እጇ ከዳት፤ አውራ ጣቷ አልታዘዝ ብሎ ማጋዚኑ መግቢያው ላይ ተሰናከለ። ጋሽ ተፈራ ክንዴን ጨበጡኝ። እሷ ግን አልደነገጠችም። ማጋዚኑን በግራ መዳፏ ሥር ይዛ፣ ጥርስን ቦታው ላይ እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ ዝግታ በሚመስል ፍጥነት አስገባችው። ቀስ ብሎ ‹‹ቀጭ›› ሲል እኔ እዚያ ድረስ ሰማሁት። ይሄንን አላጋነንኩም። ሰምቻለሁ።

የቀሩት ብረቶች በተከታታይ ወደቁ። የመጨረሻው ትንሽ ተወዛወዘና ተጋደመ።

ሽጉጡ አልነከሰም።

ዳኛው ሰዓቱን አይቶ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ኬሊ በጭንቅላቷ ደምራ ከእኛ ቀድማ ውጤቱን አወቀች። መጥታ ሀያትን አቀፈቻት፤ ‹‹ነገርኩሽ እኮ፣ ማጋዚን አላሸነፈሽም። እኔም አላሸነፍኩሽም›› አለቻት። ቦታው የሀያት ሆነ። የለያቸው ልዩነት አንድ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲገልጥ የሚያልፍ ጊዜ ነው። ኬሊ ተራዋን ባትሰጥ ኖሮ ያ ልዩነት ወዴት ይሄድ ነበር? እስከ ዛሬ አስበዋለሁ።

ስንመለስ ሀያት መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። እጆቿ ጭኗ ላይ ተከፍተው ነበር፤ ጥፍሮቿ ሥር ሙጫ፣ መዳፏ ላይ የባሩድ ጥቁረት። ሬዲዮ አልከፈትኩም። ቤታችን በር ላይ ቆሜ ሞተሩን ሳላጠፋ ተቀመጥኩ። ቆይታ ነቃች።

‹‹ደርሰናል እንዴ?››

‹‹ቆየን።››

‹‹ታዲያ ለምን አልቀሰቀስከኝም? ምን ሆነሃል? አሞሃል?››

ዓይኔን ከእጆቿ ላይ አላነሳሁም። እውነት እንደታመምኩ መስሏት ግንባሬን ነካች።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሀያት ትልቁ ውድድር ላይ ቆመች። አላሸነፈችም፤ ከመሀል ትንሽ ዝቅ ብላ ጨረሰች፤ በዚያ ቀን ከእሷ የበለጠ የተደሰተ ተኳሽ ግን እዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም። በጋ ላይ ኦፕራሲዮኑን አደረገች። ጥርስ መስራት ጀምራለች። ሽጉጥ መያዝ ትችል እንደሆን ገና አልታወቀም፤ ስትጠየቅ ‹‹እናያለን›› ትላለች፣ ስትናገርም አታዝንም።

የተቀየርኩት እኔ ነኝ። ቀልድ አልተውኩም፤ ብተው በምን እኖራለሁ? ነገር ግን ማታ እራት በልተን እሷ ለአንዲት እናት የተሰበረ ጥርስ ልትጠግን ስትቀመጥ ወንበር ስቤ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ጥርሱን ወደ አምፖሉ አንስታ ታየዋለች፤ እኔ እሷን አያለሁ። ሃያ ዓመት አብሬያት ስኖር ይህ ሁሉ ከምግብ ጠረጴዛችን ማዶ ሲሰራ ነበር፤ እኔ ወሬዬን ለመጨረስ እቸኩል ነበር። አላህ በአንድ ሰው ጣቶች ላይ ይህን ያህል ትዕግሥት ካኖረ፣ ሌላው የማላየው ስንት ይሆን?

እናንተም ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አብሯችሁ የሚኖረው ሰው በእጁ ምን እየሰራ እንደሆነ ጥቂት ቆማችሁ እዩ። አትጠይቁ፣ አታሞግሱ፣ አትቀልዱ። ዝም ብላችሁ እዩ። ዝም በሉ ብዬ የምመክራችሁ እኔ ጀማል ነኝ፤ ነገሩ ምን ያህል የከበደ እንደሆነ ከዚህ እወቁት።